«በሞቴ» የተከለከለበት ቤት

መጀመሪያ የወደቀው ወስፌው ነው።

አባቴ ኮርቻ ሰፊ ነበሩ። ቂርቆስ ሰፈር፣ ቤታችን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ቆዳ ሲሰፉ ወስፌው ከቀኝ እጃቸው ሾልኮ መሬት ወደቀ። አነሱት። ተመልሶ ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅባቸው ሳቁና «ዛሬስ እጄ ሰነፈ» አሉኝ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ራት ላይ ደግሞ የሚጠጡት ውሃ በቀኝ ከንፈራቸው በኩል ደረታቸው ላይ ፈሰሰ፤ እሱንም በነጠላዬ ጠርጌላቸው አለፍኩ። ይህን የምታነቡ፣ እጅ በድንገት ከሰነፈ፣ አፍ ውሃ መያዝ ካቃተው፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ እንደኔ ስቃችሁ አትለፉት።

ጠዋት ልቀሰቅሳቸው ገባሁ። ዓይናቸው ተከፍቶ ጣራውን ያያሉ። አፋቸው ወደ ግራ ተጣሟል። «አባባ» አልኳቸው። «እ» አሉ። ሌላ ቃል አልወጣም። ቀኝ እጃቸውን ያዝኩ። ከበደኝ። የሰው እጅ እንደዚያ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ጎረቤቶቼ ምች ነው ብለው ዳማ ከሴ ቀጥቅጠው መጡ። አንዷ ጠበል ይዛ ደረሰች። አልፈርድባቸውም፤ ከባዶ እጄ የእነሱ ቅጠል ይሻል ነበር። ግን ቀኑ ሲጋመስ እጁም እግሩም ያው ነው።

እኔ ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። በልጅነቴ ከጣሊያን መነኮሳት ዘንድ ስፌት ስማር ቋንቋቸውን ለቅሜ ስለነበር፣ ጠላት ከተማውን ሲይዝ አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ለዚህ ሥራዬ የሰደበኝም አለ፣ አማላጅ ሁኚኝ ብሎ የለመነኝም አለ። የምሠራው ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ በነበረ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ጣሊያኖቹ ለሹማምንታቸው መኖሪያ ሊሠሩ ዛሬ ካዛንቺስ የምንለውን ቦታ ሲያስለቅቁ፣ ቤቱ የፈረሰበትና የሚያነሳው ዘመድ ያጣ ሽባ፣ ዓይነ ስውርና ሽማግሌ ሁሉ እዚያ ይሰበሰብ ነበር። እነሱ ሪኮቬሮ ይሉታል፤ መጠለያ ማለት ነው። ሰፈርተኛው ደግሞ «የድኩማን ቤት» ይለዋል።

አባቴን አራት ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ወደዚያ ወሰዱልኝ። ጣሊያናዊው ሐኪም የዓይናቸውን ቆብ ገልጦ አየ፣ የእግራቸውን መዳፍ በቁልፍ ጫፍ ጫረ፣ ቀኝ ክንዳቸውን አንስቶ ለቀቀው። ክንዱ ወደቀ። «ኤሚፕሌጂያ» አለኝ። የግማሽ አካል ሽባነት ማለት ነው፤ ዛሬ ስትሮክ የምትሉት ያመጣዋል።

«ወደ አንጎሉ የሚሄደው የደም ሥር ተዘግቷል» አለ። «መድኃኒት የለኝም። ከኖረ በእንክብካቤ ነው የሚኖረው።»

እናቴ ሞታለች። ወንድሜ ዱር ገብቷል። እኔ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነኝ። አባባን እዚያው አስተኛኋቸው። ማታውኑ ሰፈሩ ውስጥ «አባቷን ለጠላት አስረከበች» ተባልኩ። ከተናገሩት አንዳቸውም ግን ላግዝሽ አላሉኝም፤ ይህንን ዛሬም ሳልናገረው አላልፍም።

ቤቱ ንጹሕ ነበር። ወለሉ በየቀኑ ይታጠባል፣ አንሶላው ይለወጣል። ነገር ግን ስም የለም። ሰው ሁሉ በአልጋው ቁጥር ነው የሚጠራው፣ ያውም በጣሊያንኛ። አባቴ አልጋ ዐሥራ ሰባት ደረሳቸው። የወንዶቹ አስታማሚ ተሰማ የሚባል ደግ ሰው ነበር፤ ጋሼ ተሰማ እለዋለሁ። ሽማግሌ በቁጥር መጥራት ቢከብደው ጊዜ አንቱታውን ከቁጥሩ ጋር አጋብቶ «አቶ ዲቻሴቴ» ይላቸው ነበር። አባቴ መጀመሪያ የሰሙ ዕለት ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ዞረው አዩ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ምላሳቸው ትንሽ ተፈታ። ቃሉ እየተንገዳገደም ቢሆን ይወጣል። ደስ አለኝ። በምሳ ሰዓት እኔ የውጭ ሕመምተኞች ጋ ሐኪሙን ስለማስተረጉም፣ አባባን የማገኛቸው ከሥራ በኋላ ነው። አልጋቸው ጫፍ ላይ እቀመጥና «አባባ፣ ምሳ በሉ?» እላለሁ።

«በልቻለሁ፣ ተመስገን።»

«ራትስ ይበላሉ?»

«እንዴታ፣ አንቺ ብቻ ቶሎ ግቢ፣ ሳይመሽብሽ።»

በየቀኑ ይህንኑ ነው የሚሉኝ። እኔም በየቀኑ አመንኩ።

አንድ ረቡዕ ሲያገላብጧቸው ለመርዳት ጎናቸውን ያዝኩ። እጄ አጥንት አገኘ። ጋቢያቸውን ገለጥኩት። የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል። ዳሌያቸው ላይ ቆዳው ተልጦ ቀይ ሥጋ ይታያል፤ ሐኪሞቹ ዴኩቢቶ ይሉታል፣ ከመተኛት ብዛት የሚመጣ ቁስል ነው። ያን ትልቅ ሰውዬ ብቻዬን አነሳኋቸው። ብቻዬን! አልከበዱኝም። ወደ ሐኪሙ ሮጥኩ።

መዝገቡን ገልጦ አየ። «አውቃለሁ» አለ። «ሳህኑ ሙሉውን ነው የሚመለሰው። ሲቶፎቢያ ነው። ምግብ መጥላት። የአእምሮ በሽታ ነው፣ እዚህ ቤት በዝቷል። ከሰኞ ጀምሮ ወደ መጨረሻው ክፍል ይሄዳል። ንገሪው።»

መጨረሻው ክፍል ውሃ እንጂ ምግብ አይገባም። ከዚያ በእግሩ የወጣ ሰው አላየሁም። በአስተርጓሚነቴ ታዝዤ ሳልናገር የቀረሁት የመጀመሪያው ቃል ያ ነው። ለአባባ አልነገርኳቸውም።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት የውጭ ሕመምተኞችን ሰልፍ ትቼ የወንዶቹ ክፍል በር ላይ ቆምኩ። ጋሼ ተሰማ ሳህን በሳህን እየደረደረ መጣ። አባቴ አልጋ ጋ ደረሰ።

«አቶ ዲቻሴቴ፣ ይበላሉ?»

አንድ ጊዜ ነው ያላቸው።

አባቴ ምግቡን አዩ። ምራቃቸውን ዋጡ። «የለም፣ ተመስገን፣ በቃኝ» አሉ።

ሳህኑ ተነሳ።

በቃ። ይኸው ነው። የአእምሮ በሽታ የተባለው ይኸው ነው።

የመጀመሪያው «በቃኝ» በእኛ ዘንድ መልስ እንዳልሆነ ለማን ይነገራል? አንድ ጊዜ ተጠይቆ እሺ የሚል ሽማግሌ የት አለ? ሁለተኛ ይለመናል፣ ሦስተኛ ይለመናል፣ በመሐላ ይያዛል፣ ከዚያ ነው እጁ የሚዘረጋው። አባቴ ደግሞ ይሉኝታቸው የከፋ ነው፤ ደንበኛ ቤት ሄደው ውሃ ሲሰጧቸው እንኳ ሁለቴ ሳይግደረደሩ አይቀበሉም። ያውም ቀኝ እጃቸው ሞቷል። በግራ እጃቸው እህል ከመንካት ጦም ማደርን የሚመርጡ ሰው ናቸው። ሰው ካላጎረሳቸው ምን ይሁኑ?

ጋሼ ተሰማን ኮሪደሩ ላይ ያዝኩት።

«እንዴት አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቀህ ታነሳባቸዋለህ? አበሻ አይደለህም?» አልኩት፤ እየጮህኩ ነበር።

ግራ ቀኙን አየ። «ምነው እህቴ?» አለኝ በቀስታ። «የከለከልሽን አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እኔ?»

«ከእንግዲህ በሞቴ የሚል ቃል እዚህ ቤት እንዳይነሳ፣ ሰው በሰው አፍ እጁን እንዳያስገባ፣ አልበላም ያለውን እንዳትለምኑ ብለሽ... እዚችው ቆመሽ አይደል የነገርሽን?»

አዎ። እዚያው ቆሜ ነው የነገርኳቸው።

አባቴ ከመታመማቸው ከሁለት ወር በፊት ነው። ያኔ የቤቱ ሰዎች በምሳ ሰዓት መሐል ላይ ምንጣፍ አንጥፈው አንድ ላይ ነበር የሚበሉት። እጅ ያለው እጅ የሌለውን ያጎርሳል። ዓይን ያለው ለዓይነ ስውሩ ወጡን ወደ ፊቱ ይገፋለታል። ከየአቅጣጫው «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «እኔ ልሙት አንዲት ብቻ» ይባላል። ሐኪሙ ድንገት ገባ። እጅ አፍ ውስጥ ሲገባ አየና ፊቱን አጨማደደ። «ምን እያሉ ነው?» አለኝ።

ቸኩዬ ነበር። ቃሉን ቃል በቃል መለስኩለት። «ይሄኛው በእኔ ሞት ይላል። ያቺ አፈር ልሁን ትላለች። ያኛው እኔ ልሙት ነው የሚለው» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። «በየምሳው የሚያወሩት ስለ ሞት ነው?»

«አዎ» አልኩ።

አዎ! ከአፌ የወጣው ይህ ነው። ከቃሉ አንጻር ውሸት አልነበረም፤ ለዚህም ነው ምንም ያልተሰማኝ። እሱ ሜላንኮኒያ ነው አለ፣ ሐዘን የወለደው የአእምሮ ሕመም ነው፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፋል አለ። ምንጣፉ ይነሳ፣ እያንዳንዱ አልጋው ላይ ብቻውን ይብላ አለ። እኔ ዞሬ በጥሩ አማርኛ አወጅኩላቸው። ማታ ቤቴ ስገባ ረስቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ሳህኖች መመለስ ጀመሩ። ሴቶቹ ክፍል እማማ ደብሪቱ የሚባሉ ዓይነ ስውር ነበሩ። ሐኪሙ ሲቶፎቢያ ሲል በእሳቸው ወረቀት ላይ በገዛ እጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወደ መጨረሻው ክፍል ሄዱ፤ በአምስተኛው ቀን አረፉ። ልጃቸው ስትጠይቀኝ «ምግብ ጠልተው ነበር» አልኳት። እሷም «አስታመምሽልኝ» ብላ አመሰገነችኝ። ሌላ ስንት ሰው በዚህ እንደሄደ አላውቅም። ያኔም አልቆጠርኩም፣ ዛሬ ደግሞ የሚጠየቅ የለም።

ሳህኑን ከጋሼ ተሰማ ቀማሁት። አባባን ቀና አድርጌ በትራስ ደገፍኩ። እንጀራውን በወጥ አራስኩ። ትንሽ ጠቀለልኩ።

«አባባ፣ ይጉረሱ።»

«በቃኝ ልጄ።»

«አባባ።»

«በልቻለሁ አልኩሽ።»

«በሞቴ!» አልኳቸው። ያን ቃል እዚያ ቤት ከሰማነው ሁለት ወር አልፎታል። «እኔ ልሙትልዎ፣ አንዲት።»

አፋቸውን ከፈቱ።

አኘኩ። ዋጡ። ትን አላቸው፤ ደነገጥኩ። ከዚያ በግራ ጉንጫቸው በኩል ሰጠኋቸው፣ በደህናው ወገን። ያኔ ሄደላቸው። ዐሥራ አንድ ጊዜ አጎረስኳቸው። እንባቸው ይወርዳል፣ ግን ማኘካቸውን አላቆሙም።

ወዲያው ወደ ሐኪሙ ገባሁ። ተሳስቼ ነው ያስተረጎምኩልዎ አልኩት። በሞቴ ማለት ስለ ሞት ማውራት አይደለም፤ እምቢ ካልከኝ እኔ ሞቼ ልገኝ፣ አንተ ብቻ ብላልኝ ማለት ነው፤ እዚህ አገር ሰው ለሚወደው ሰው የሚለው ነው አልኩት። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ አየኝ።

«ለምን ያን ጊዜ አልነገርሽኝም?»

«የጠየቁኝ ቃሉን ነው። እኔም ቃሉን ሰጠሁዎ።»

ያባርረኛል ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ የከፋም ጠብቄ ነበር፤ ዘመኑ በጥፊ የሚያበቃበት አልነበረም። እሱ ግን «ነገ በምሳ አሳዪኝ። ካልበላ ሰኞ ይሄዳል» አለ።

ዓርብ በምሳ ሰዓት መጣ። እኔ ሽሮውን ፈትፍቼ ላጎርስ ስዘጋጅ ሐኪሙ ከለከለኝና ራሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እጁን ታጥቧል። ጉርሻውን እንደ ክኒን በሁለት ጣቱ ይዞ «ቤሞቴ» አለ።

አባቴ ጠላት ከገባ ወዲህ ከጣሊያን እጅ ውሃ አልጠጡም። ካልበሉ ሰኞ መጨረሻው ክፍል ነው፤ እሳቸው ግን አያውቁም፣ አልነገርኳቸውም። ሐኪሙን አዩት። እኔን አዩኝ። ከዚያ በዚያ በተኮላተፈ አንደበታቸው፣ ረጋ ብለው፣ «በእሱ ሞት ከሆነማ ሁለት እጎርሳለሁ» አሉ።

ጎረሱም። ሁለት ጊዜ።

ጋሼ ተሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ይርገፈገፋል። አልጋ ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ያሉት ሽባ ሽማግሌ ብርድ ልብሱን አፋቸው ውስጥ ጠቀጠቁት። ሐኪሙ ክፍሉ ውስጥ የገባውን ደስታ አይቶ ራሱም ፈገግ አለና «ምን አለ?» አለኝ።

«ምግቡ ጣፍጦኛል አሉ» አልኩት። አስተርጓሚ ሆኜ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ያማረ ትርጉም አልወጣኝም።

ምንጣፉ በማግስቱ ተመልሶ ተነጠፈ፤ ሐኪሙ ያዘዘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ አጉራሹ ሁሉ እጁን በሳሙና እንዲታጠብ፣ እሱም ትክክል ነበረና ማንም አልከፋውም። ከዚያ ወዲህ ያለው መዳን ቀስ ያለ ነው፤ ለሚያስታምም ሰው ስል በዝርዝር ልጻፈው። ቁስሉን ፈልቶ በበረደ የጨው ውሃ እያጠብን፣ በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን እያገላበጥን፣ ከዳሌያቸው ሥር ልስልስ ያለ ጨርቅ እየደረብን ስንቆይ፣ ከወር በላይ ፈጅቶ ዙሪያው ሮዝ እያለ ገጠመ። ቀኝ እግራቸውን ጠዋትና ማታ እያጠፍን ስንዘረጋ ከርመን አንድ ቀን ጣታቸው በራሱ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያም በእኔና በጋሼ ተሰማ ትከሻ ተደግፈው እስከ በሩ፣ በኋላም በከዘራ እስከ ግቢው ዛፍ ድረስ መሄድ ቻሉ። ቀኝ እጃቸው ግን አልተመለሰም። ወስፌ ዳግመኛ አልያዙም፤ ይህንንም አልደብቃችሁም፣ ሁሉ ነገር የሚመለስ መስሏችሁ እንዳትሰበሩ።

በካርቶን ላይ የሁሉንም ስም ጽፌ በየራስጌያቸው ለጠፍኩ። ስማቸውን ስጠይቃቸው ያፈሩ ነበሩ፣ ስማቸውን ለመናገር ትንሽ የቆዩም ነበሩ። አባቴ ሥራቸውም እንዲጻፍላቸው ለመኑኝ። ጻፍኩላቸው፤ አቶ በላይነህ፣ ኮርቻ ሰፊ። ጋሼ ተሰማ ግን አፉ ለምዶበት አልፎ አልፎ አቶ ዲቻሴቴ ይላቸውና ሁለቱም ይስቁ ነበር።

ጋሼ ተሰማን አመሰግናለሁ። የገዛ ጥፋቴን በፊቴ ባይነግረኝ አባቴን እኔው በጨረስኳቸው ነበር። ሐኪሙንም አመሰግናለሁ፤ የጠላት ሰው ነው፣ ግን ተሳስቻለሁ ሲሉት ሰማ። ከነጻነት በኋላ ነርስ ሆኜ ብዙ ዓመት ስሠራ ከወገኔም ያን ያህል የሚሰማ ሁልጊዜ አላገኘሁም።

ዛሬ ወላጅ መጦሪያ ቤት ያስገባችሁ፣ ወይም እዚያ የምትሠሩ፣ እባካችሁ በምሳ ሰዓት ሂዱ። ስትሄዱ አልጋው ንጹሕ ነው ወይ ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። ቁጭ በሉ፣ ቆማችሁ አታብሉ። አንድ ጊዜ ጠይቃችሁ ሳህን አታንሱ። የቤቱን ደንብ ስታወጡ ደንቡ የሚወርድበትን ሰው ባህል የሚያውቅ አንድ ሰው ጠይቁ፤ የሚያውቅ ሰው ከሆናችሁ ደግሞ እንደኔ አትቸኩሉ።

ለአባቴ ጥፋቴን የነገርኳቸው ጠላት ከወጣ በኋላ ነው። ወንድሜ ከዱር በደህና ተመልሶ፣ ከዚያ ቤት አውጥተናቸው፣ አብረን እንኖር ነበር። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሳለ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ያ ትእዛዝ ከእኔ አፍ እንደመጣ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «አውቃለሁ» አሉ። «ተሰማ የገባሁ ሳምንት ነግሮኛል።»

«ታዲያ ምነው አንድ ጊዜ ርቦኛል ቢሉኝ? በየቀኑ ስጠይቅዎ በልቻለሁ ሲሉኝ...»

«ርቦኛል ብልሽ ትእዛዛቸውን ታፈርሺያለሽ» አሉኝ። «አንደኛው ልጄ ዱር ነበር፣ ይሙት ይኑር አላውቅም ነበር። ሁለተኛዋን በምሳ ምክንያት ልጣት?»

ወላጃችሁ «ደህና ነኝ» ሲሏችሁ፣ እናንተን ከምን እየጠበቁ እንደሆነ ጠይቁ።